ምድር ቤት

ምን አስዋሸኝ፣ የገባሁት ብርድ ሽሽት ነው።
ሮዴል መኪና የለውም፤ ማክሰኞ ማታ የማደርሰው
እኔ ነበርኩ፣ ከሥጋ ፋብሪካው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር፤
እሱ ሲማር እኔ ውጭ፣ ሞተር አስነስቼ፣ ሬዲዮ ስጎረጉር።

ብሩክስ፣ አልበርታ። ጥር። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
በረዶው ከእግር ሥር ይንጫጫል፣ እንደ እርጥብ እንጨት ሲነድ።
አንዲት ባልቴት ወጣች፣ ካፖርት እንኳ ሳትደርብ፣
መስኮቴን በቁልፏ መታ መታ አደረገች፣ ጎንበስ ብላ፣ ቀረብ።
«ነዳጅ ውድ ነው፤ ወንበር በነጻ። ግባ» አለችኝ።
«እመን አላልኩህም፣ ተቀመጥ» ብላ በሩን ያዘችልኝ።

ሚልድረድ ትባላለች። መነኩሲት አይደለች፣ ደብተራ አይደለች፤
ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች።
ዛሬም ስታስተምር ልማድ አልለቅ ብሏት፣
ሽቅብ ታያለች፣ የኋላ ማሳያ መስታወት ያለ መስሏት።

ምድር ቤቱ ጣራው ዝቅ ያለ፤ የማሞቂያው ቧንቧ ያጉረመርማል፤
የሕፃናት ሥዕል ግድግዳው ላይ፤ ከኖኅ መርከብ የቀጭኔ አንገት ተርፎ ይታያል።
ስድስት ነን፦ ሮዴል፣ ሜሮን ሳይቀባ ያደገው፤
አንድ ጎረምሳ፣ እጮኛው «ካልተማርክ አላገባህም» ያለችው፤
ሁለት እህትማማች ጸጉር ሠሪዎች፤ ስሙን የማይናገር ሰው፤
እኔም የበሩ ዳር ወንበር ላይ፣ ጃኬቴን ሳላወልቀው።

«ንዑሰ ክርስቲያን» ይለኛል በአማርኛ ያገኘሁት መጽሐፍ።
ንዑስ! በአምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በዚህ ሽበት፣ በዚህ ወገብ፣ በዚህ ተሳዳቢ አፍ።

ሰባቱን ምሥጢራት ሥራ ላይ፣ መስመሩ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ፤
በየመጣው ታፋ አንድ አንድ፤ ስምንተኛው ሲመጣ እንደገና «ጥምቀት» እላለሁ።
አንዳንዱ ቶሎ ገባኝ። አንዱ ገጽ ላይ ግን ቆምኩ፤
ኅብስቱ ሥጋ፣ ወይኑ ደም ይሆናል ሲባል ዝም አልኩ።
ለሌላው ቃል ነው። ለእኔ ስምንት ሰዓት ስይዘው የምውለው ነገር ነው፤
ክብደት አለው። ይቀዘቅዛል። ከጥፍር ሥር በሳሙና የማይለቅ ሽታ አለው።
«እንዴት ይበላል?» አልኳት። ሚልድረድ አልመለሰችልኝም።
እጄን ብቻ አየች፣ ረጅም ጊዜ። መጽሐፉን አላገላበጠችም።

ሌላ ማክሰኞ፣ «መንጽሔን እንዴት ትረዱታላችሁ?» ብላ ጠየቀች።
ጎረምሳው «እሳት» አለ። ታላቂቱ እህት «ወረፋ» አለች።
እኔ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ቦቲ ማጠቢያው» አልኩ ድንገት፤
ከማረጃው ወደ ምሳ ቤት ስንሻገር ያለችው ጠባብ መግቢያ ናት፤
ውሃው ይፋጃል፣ ብሩሹ ይፈትጋል፣ ደሙ ቀልቶ ይወርዳል፤
ማንም «አትበላም፣ ተመለስ» አይልህም፤ ምሳህ ተቀምጦልሃል፤
ብቻ በዚያ ቦቲ ማዕድ አይቀረብም።
ሮዴል ሳቀ። ሚልድረድ ጠመኔዋን አስቀመጠች፤ አልሳቀችም።
«ድገመው» አለች፣ «ቀስ ብለህ፤ ልጻፈው።»
ያን ማታ ሬዲዮ ሳልከፍት ቤቴ ደረስኩ፤ አስፋልቱ ባዶ ነው።

በመጋቢት ሮዴል ዊኒፔግ ሄደ፤ እህቱ የተሻለ ሥራ አገኘችለት።
ማክሰኞ ሲመሽ መኪናዬ እንደ በቅሎ ናት፤ መንገዱ አልጠፋባት።

ካልጋሪ ያለው ወንድሜ አስራደ ወሬ ሰምቶ ደወለ፤
ሰላም እንኳ ሳይል፣ «ማዕተብህን በጠስክ ወይ?» አለ።
አንገቴን ዳሰስኩ። አለ። ጥቁሩ ክር፣ ላብ ያወዛው።
«አለ» አልኩት። «ታዲያ ምን ፈለግህ?» ዝም። ስልኩ ብቻ ነው ደቂቃ የሚቆጥረው።
ሰባቱን አውቃለሁ፤ ጸሎቱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤
ለወንድም የሚነገረውን ግን እስካሁን እፈልጋለሁ።

ዛሬ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። የእኩለ ሌሊቱ ምሳ ተደወለ።
ቦቲዬን ከውሃው ሥር ዘረጋሁ። አንድ አዲስ ልጅ ከኋላዬ፣ «ነጽቷል እኮ፣ እለፍ» እያለ።
«ትንሽ ቆይ» አልኩት፤
የተረከዙን ስንጥቅ አይቼ፣ ብሩሹን መልሼ ያዝኩት።